ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ስለ ማስቀመጥና ስለ ማስነሣት

ነጋዴ ሰው ዕቃውን ለመጠበቅ ትጉህ ነው። ቡናው እርጥበት እንዳያገኘው ጆንያውን ከወለል አንሥቶ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደረድራል፤ እህሉን ነቀዝ እንዳይበላው በየጊዜው ያስፈትሻል፤ የጭነት መኪናው ድምፅ ቢለወጥበት ሳይውል ሳያድር ወደ ጋራዥ ይልከዋል። ነገር ግን በዚያው መጋዘን ውስጥ ጆንያውን የሚቈጥረው፣ ሚዛኑን የሚያነበውና ቁልፉን የሚይዘው ሰው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ቢጀምር፣ ብዙዎቻችን የምናደርግለት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ወንበር መስጠት ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ ወንበር በቅን ልቡና የተሰጠ ቢሆንም እንኳ በሽተኛውን የሚጎዳ መሆኑን ማስረዳትና በእርሱ ፈንታ ምን ሊደረግ እንደሚገባ ለክቡራን የንግድ ምክር ቤቱ አባሎች ማመልከት ነው።

ይህን ለመናገር የሚያስደፍረኝ ስሕተቱን እኔ ራሴ ስለ ሠራሁት ነው። በቡና መጋዘኔ ለብዙ ዓመታት በታማኝነት ያገለገሉ አንድ የመጋዘን ኃላፊ አሉኝ። በወጣትነታቸው የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ወስደው ድነዋል። ሆኖም በሳንባቸው ላይ ጠባሳ ስለ ቀረ፣ ከጊዜ በኋላ ጥቂት መንገድ ሲሄዱ ወይም ጆንያ ሲያነሡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። እኔም አዝኜ በመጋዘኑ በር አጠገብ ወንበር አስቀመጥኩላቸውና መሰላል መውጣቱንም ቈጠራውንም ለወጣቶች ሰጠሁ። ቤተ ሰቦቻቸውም በቤት እንዲሁ አደረጉ፤ ውኃ እንኳ ተነሥተው እንዳይቀዱ ይከለክሏቸው ነበር። አንድ ዓመት ሳይሞላ ከወንበሩ እስከ ውጭው በር ያለችውን መንገድ ሁለት ጊዜ ሳይቆሙ መጨረስ አቃታቸው። ሁላችንም በሽታው በረታባቸው አልን። የበረታው ግን በሽታው ብቻ አልነበረም፤ እግራቸውም ሥራ በመፍታቱ ደክሞ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንባው የታመመ ሰው ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የትንፋሹ ማጠር ስለሚያስፈራው መራመዱን ይተዋል፤ መራመዱን ሲተው የእግሩ ጡንቻ ይሰልላል፤ የሰለለ ጡንቻም ለጥቂት ሥራ ብዙ አየር ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ቀድሞ 100 እርምጃ ሲሄድ ይሰማው የነበረው ጭንቀት ዛሬ በ50 እርምጃ ይሰማዋል። እርሱም ይበልጥ ይቀመጣል፤ ጡንቻውም ይበልጥ ይሰልላል። አዙሪቱ በዚህ ዐይነት እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ልብስ መልበስና ፊት መታጠብ እንኳ ከባድ ሥራ ይሆንበታል። ሳንባ አንድ ጊዜ ከጠበበ ወይም ጠባሳ ከያዘ ጉዳቱ በአብዛኛው አይመለስም፤ የጡንቻ ድካም ግን ይመለሳል። እንግዲህ ከሁለቱ ጉዳቶች ሊጠገን የሚችለው እኛ በወንበራችን ያመጣነው ነው ማለት ነው።

በሽታው የጥቂት ሰዎች ብቻ እንዳይመስለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ገድሏል፤ ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከሞተው ሰው ሁሉ 5 በመቶ ያህል ነው። ከ70 ዓመት በታች ሳሉ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ከ10 ሰዎች 9 ያህሉ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። አስምና የሳንባ ነቀርሳ የሚተወው ጠባሳ በዚህ ቍጥር ውስጥ አልገቡም።

በሀብታሞቹ አገሮች የዚህ በሽታ ዋነኛ ምክንያት ትምባሆ ነው። በአገራችን ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ጐልማሶች ከ100 ሰው 5 ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። የእኛ ሰው ሳንባ በሌላም መንገድ ይጎዳል። አንደኛው የማገዶና የከሰል ጢስ ነው፤ በምጣድ አጠገብ ዕድሜዋን የጨረሰች እናት ሲጋራ በአፏ ሳታደርግ የአጫሽ ሳንባ ሊኖራት ይችላል። ሁለተኛው ከላይ የተናገርኩት የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ ነው። ሦስተኛው የሥራ ቦታ አቧራ ነው።

ይህ ሦስተኛው እኛን ነጋዴዎችን በቀጥታ ይመለከተናል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት በኢትዮጵያ የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሰዎች የሳንባቸው ኀይል ከቡና አቧራ ርቀው ከሚሠሩ ሰዎች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ሌላ ጥናትም ቢሲኖሲስ የሚባለው የጥጥ አቧራ በሽታ በአንድ የአገራችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በተለይ ጥጡ በሚፈታበትና በሚበጠርበት ክፍል፣ በርትቶ መታየቱን ገልጿል። በወፍጮ ቤት ዱቄት ውስጥ፣ በበርበሬ ማስፈጫና በጆንያ መደልደያ ቦታ የሚውል ሠራተኛ ምን እንደሚተነፍስ ደግሞ ለመናገር ጥናት አያስፈልግም፤ በበሩ ያለፈ ሰው ሁሉ አስነጥሶ ያውቀዋል።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? የሳንባ ተሐድሶ ሕክምና ይባላል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይረፍ የሚለው ምክር በሐኪሞችም ዘንድ ለብዙ ዘመን የጸና ነበር። አልቫን ባራክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1952 ለነዚህ በሽተኞች እንቅስቃሴ እንደሚጠቅማቸው አመለከተ። ቀጥሎም ቶማስ ፔቲ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዴንቨር ከተማ ሥራውን በሥርዐት አደራጅቶ ውጤቱን በ1969 አሳተመ። ዴንቨርም ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ በደጋ አየር ላይ ለምንኖር ሰዎች ምሳሌዋ ቅርብ ነው።

ሕክምናው የሚጀምረው በመለካት ነው። ሐኪም በሽታውን ከመረመረና መድኃኒቱን ካስተካከለ በኋላ፣ በሽተኛው 30 ሜትር ርዝመት ባለው ኮሪደር ላይ በ6 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል መንገድ መመላለስ እንደሚችል ይለካል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅንም በጣት ላይ በምትደረግ ትንሽ መሣሪያ ይታያል። ከዚያም በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ድረስ፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሪነት ይሠለጥናል። ሥልጠናውም መራመድ፣ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣትና መቀመጥ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ውኃ ወይም አሸዋ የተሞላ ጠርሙስ በእጅ ማንሣት ነው። በሽተኛው የትንፋሹን ማጠር ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ራሱ ይናገራል፤ ባለሙያውም ከ4 እስከ 6 በሚደርስ ድካም እንዲሠራ ያደርገዋል። ከዚህ ያነሰው ጡንቻ አያጠነክርም፤ ከዚህ የበለጠውም ያስፈራል።

ከእንቅስቃሴው ጋራ የአተነፋፈስ ዘዴ ይማራል። በአፍንጫው ስቦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈሩን ሰብስቦ፣ ከሳበበት ጊዜ ሁለት እጥፍ በሚሆን ዝግታ ያወጣዋል፤ ይህም በጠበቡት ቧንቧዎች ውስጥ የታጨቀውን አየር ለማስወጣት ይረዳል። ጭንቀት ሲመጣበት ወደ ፊት ጐንበስ ብሎ ክንዶቹን በጠረጴዛ ወይም በጕልበቱ ላይ ማሳረፍን ያውቃል። አክታ የሚበዛበት ሰው ጉሮሮውን ሳያቈስል እንዴት እንደሚያወጣው ይማራል። ሕዝቡ ፓፍ የሚለውን መድኃኒት በትክክል መሳብን፣ ከጢስና ከትምባሆ መራቅን፣ ሕመሙ ሲብስ ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድንም ይማራል።

ይህን ያነበበ ነጋዴ “ውጤቱስ?” ብሎ መጠየቁ የተገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና ኮክሬን በተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የተሰናዳው ግምገማ 65 ጥናቶችንና 3,822 በሽተኞችን አጠቃልሎ መርምሯል። ሕክምናውን ያገኙት ሰዎች ካላገኙት ይልቅ በ6 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ 44 ሜትር ያህል አብልጠው ለመሄድ ችለዋል፤ የትንፋሽ ማጠራቸውና ድካማቸውም ቀሏል። ማስረጃው እጅግ የጠና በመሆኑ፣ ሕክምናው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚል ሌላ ጥናት ከእንግዲህ ወዲህ እንደማያስፈልግ አዘጋጆቹ ጽፈዋል። ልብ ልንል የሚገባው ግን የሳንባው ልክ ሲመዘን አለመለወጡ ነው፤ የተለወጠው ሰውየው ባለው ሳንባ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ነው። ባለው ካፒታል አብልጦ መሥራት ለነጋዴ አዲስ አሳብ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ በታተመ ሌላ ጥናት በዚህ በሽታ ሆስፒታል ተኝተው የወጡ 197,376 አረጋውያን መዝገብ ተመርምሮ ነበር። በወጡ በ90 ቀን ውስጥ ተሐድሶውን ከጀመሩት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት 7.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ዘግይተው ከጀመሩትና ካልጀመሩት መካከል ግን 19.6 በመቶ ሞተዋል። ቶሎ የጀመሩት ከመጀመሪያውም ብርቱዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ ልዩነቱን ሁሉ ለሕክምናው መስጠት አይገባም፤ ነገር ግን ይህ ታስቦበት ሲሰላም ብልጫው አልጠፋም። የሚያሳዝነው በዚያ ሀብታም አገር እንኳ በጊዜው የጀመሩት ከ100 ሰው 2 አለመሙላታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዚያው አገር ስሌት ደግሞ ሕክምናው ወጪውን ሸፍኖ በአንድ በሽተኛ 5,721 ዶላር ያህል እንደሚያተርፍ አሳይቷል፤ ትርፉም የሚገኘው በሽተኛው በተደጋጋሚ ሆስፒታል ከመተኛት ስለሚድን ነው።

ይህ ለአሜሪካ እንጂ ለእኛ አይሆንም የሚል ቢኖር ዑጋንዳን ይመልከት። በካምፓላ ከሳንባ ነቀርሳ ድነው ጠባሳ የቀረባቸው ሰዎች ለ6 ሳምንት በሳምንት 2 ጊዜ ሠልጥነው አካሄዳቸውም ኑሯቸውም መሻሻሉ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ለዚህ ትልቅ መሣሪያ አላስፈለገም።

አሁን ሒሳቡን በእኛ መዝገብ እናስላ። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 2 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለ8 ሳምንት ቢሠለጥን በጠቅላላው 24 ሰዓት ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ ሦስት የሥራ ቀን ነው። የመመላለሻው ጊዜ ቢጨመርበትም አንድ ሳምንት አይሞላም። በሌላው ወገን ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራው ባልመጣ ሕመም ሥራውን ለመሥራት ቢያቅተው ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወሮች ግማሽ ደመወዝ፣ ለተከታዮቹ ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጠዋል። እንግዲህ አሠሪው ሥራ ሳይሠራለት የሁለት ወር ደመወዝ ይከፍላል፤ ሠራተኛውም ቤተ ሰቡን በባዶ እጅ ያያል፤ በመጨረሻም ዕቃው የት እንዳለ በጨለማ የሚያውቀው ሰው ሄዶ የማያውቀው ሰው ይተካል። ሦስት ቀንን ከሁለት ወር ጋራ ማመዛዘን የማይችል ነጋዴ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

አንዳንድ ሰዎች “ትንፋሽ ያጠረውን ሰው አስነሥቶ ማስሮጥ ያስገድለው ይሆናል” ይሉ ይሆናል። ጥንቃቄው ትክክል ነው፤ ስለዚህም ነው ሕክምናው ያለ ሐኪምና ያለ ባለሙያ መጀመር የሌለበት። ተላላፊ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይታከም፤ የልብ ሕመሙ ያልተረጋጋ ወይም ደረቱን የሚወጋው ሰው አስቀድሞ ይመርመር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ የኦክሲጅኑ ልክ በቆላ አገር መጽሐፍ ላይ እንደ ተጻፈው ብቻ ሳይሆን በአገራችን ከፍታ ሊተረጐም ይገባል። በዚህ ዐይነት ተመርምሮና ተመዝኖ ሲደረግ ግን መራመዱ ሳይሆን መቀመጡ አደገኛ ሆኖ ይገኛል።

ሌሎችም “ይህ የመንግሥትና የሆስፒታል ሥራ እንጂ የነጋዴ አይደለም” ይሉ ይሆናል። ባለሙያውን ማሠልጠን በእርግጥ የእነርሱ ሥራ ነው፤ ሥራውም ተጀምሯል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በዲግሪ ያስመርቃል፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የሳንባ ሐኪሞች በአገር ውስጥ መሠልጠን ከጀመሩ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ነው። ነገር ግን ባለሙያው ቢኖርም ሠራተኛው ከሥራ የሚወጣበት ፈቃድ ከሌለው፣ ፈቃድ ቢኖረውም የትራንስፖርት ገንዘብ ከሌለው ኮሪደሩ ባዶ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ በእጃችን ያሉ ነገሮች ናቸው።

በበኩሌ የማቀርበው አሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ አሠሪዎች ለዚህ ሕክምና በሐኪም ለታዘዘለት ሠራተኛ 24ቱን ሰዓት ደመወዝ ሳይቈርጡ ይፍቀዱ። ሁለተኛ፣ ምክር ቤቱ ከአንድ ሆስፒታል ጋራ ተነጋግሮ፣ አባሎች በሚያዋጡት ገንዘብ የ10 ሰው ጓድ በመጀመሪያ ያስጀምር፤ የሚያስፈልገውም አንድ ባለሙያ፣ አንድ ረጅም ኮሪደር፣ ጥቂት ወንበሮች፣ የሰዓት መቍጠሪያና የጣት ኦክሲጅን መለኪያ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለአንድ ሱቅ የሚከብደው ለማኅበር ቀላል ነው። ሦስተኛ፣ የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ አስመጪዎች የሚሳቡትን መድኃኒቶችና ከእነርሱ ጋራ የሚገጠመውን ስፔሰር የሚባል የፕላስቲክ ዕቃ ከገበያ እንዳይጠፉ ያድርጉ። አራተኛ፣ ቡና አበጣሪዎች፣ ወፍጮ ቤቶችና እህል ነጋዴዎች አቧራውን ከምንጩ ይቀንሱ፤ መስኮት ይክፈቱ፣ አቧራ የሚስብ ማራገቢያ ይትከሉ፣ ለሠራተኛው የሚገባውን የአፍንጫ መሸፈኛ ይስጡ። አንድ ሠራተኛ አሠልጥኖ ወደዚያው አቧራ መመለስ በሚያፈስ በርሜል ውኃ መጨመር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ የልብ ነገር አለ። በመካከላችን ትንፋሹ እያጠረው የሚደብቅ ብዙ ነው። ሳል ያለበት ሰው ነቀርሳ አለበት ይሉኛል ብሎ ይፈራል፤ ባለ ሱቁ ደንበኛና ባለ ዕዳ እንዳይሸሹት በመደርደሪያው ተደግፎ ደኅና መስሎ ይታያል፤ የቀን ሠራተኛው ጆንያ ተሸክሞ ቢቆም ሥራውን ያጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና፣ እያንዳንዱ ራሱን እንዲህ ብሎ ይመርምር፦ በሜዳ መንገድ ላይ ከእኩዮቼ ጋራ ስሄድ ወደ ኋላ እቀራለሁን? ወይስ በራሴ እርምጃ እየሄድሁ እንኳ ለመተንፈስ እቆማለሁን? ይህ ጥያቄ ሐኪሞች በመላው ዓለም ከሚጠቀሙበት ባለ አምስት ደረጃ የትንፋሽ መለኪያ የተወሰደ ነው፤ መለኪያውም የመጣው ቻርልስ ፍሌቸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በዌልስ የከሰል ድንጋይ ማዕድን ሠራተኞች ላይ ካደረገው ጥናት ነው። ለጥያቄው “አዎን” የሚል ሰው ነገ ሳይል ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የተሐድሶ ሕክምናም እንዳለ ይጠይቅ።

የመጋዘን ኃላፊዬን ነገር ሳልፈጽም አልተውም። አንድ ሐኪም መርምሯቸው ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላካቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ከወንበር 5 ጊዜ መነሣት አቅቷቸው እንደ ነበር ራሳቸው በሳቅ ይናገራሉ። ሳንባቸው ዛሬም ያው ነው፤ ከባድ ጆንያም አያነሡም። ነገር ግን ጧት መጥተው መጋዘኑን ከዳር እስከ ዳር ዞረው ይቈጥራሉ፤ ሥልጠናው ካቆመ ጥቅሙ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እየጠፋ እንደሚሄድ ስለ ተነገረኝ፣ ይህን ዙር ከሥራቸው እንዳይቀር አድርጌዋለሁ። በበሩ አጠገብ የነበረውን ወንበርም አነሣሁት። እርሳቸውም አልጠየቁኝም።